ትናንት ምን ተበላ? አመጋገብን ስለ መለካትና ከጤና ጋር ስላለው ግንኙነት

መግቢያ

በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 የተጻፈውን ታሪክ ውድ አንባብያን ታውቁታላችሁ። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በንጉሡ ማዕድ ላለመርከስ በልባቸው ቆርጠው፣ ጥራጥሬ እየበሉና ውኃ እየጠጡ ዐሥር ቀን እንዲፈተኑ ጠባቂያቸውን ለመኑት። ዐሥሩ ቀን ሲፈጸም ፊታቸው ከንጉሡ ማዕድ ከሚበሉት ወጣቶች ፊት ጋር ተነጻጸረ፤ እነርሱም ከሌሎቹ ይልቅ አምረው ተገኙ። ታሪኩ የተጻፈው ስለ እምነት ጽናትና ስለ እግዚአብሔር ጸጋ እንጂ የሥነ ምግብ ጥናት ለማስተማር አይደለም። ሆኖም አካሄዱን ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው አራት ነገሮችን ተሟልተው ያገኛል። የሚበላው ምግብ አስቀድሞ ታውቋል፤ ጊዜው ተወስኗል፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ወገን አለ፤ ውጤቱንም የሚመለከተው ከተፈታኞቹ ወገን ያልሆነ ሰው ነው።

እኛ በልማት ሥራ የምናገለግል ሰዎች በየዓመቱ የብዙ ቤተሰቦችን አመጋገብ እንጠይቃለን፤ እንመዘግባለን፤ በዘገባችንም ቁጥር እናስቀምጣለን። ከእነዚህ አራት ነገሮች አንዱ ሲጓደል ቁጥሩ ምን ያህል ሊያስተን እንደሚችል ግን ሁልጊዜ አናስተውልም። በዚህ ጽሑፍ አመጋገብ እንዴት እንደሚለካ፣ ልኬቱ በምን በምን እንደሚሳሳት፣ ከጤና ጋር ያለው ግንኙነትስ እንዴት እንደሚመረመር በአጭሩ እንመለከታለን። ትምህርቱን የምንጀምረው ከራሳችን ስሕተት ነው።

የራሳችን ስሕተት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደጋማ ወረዳ የእናቶችንና የሕፃናትን አመጋገብ ለማሻሻል በተቋቋመ ፕሮጀክት ውስጥ አገልግለን ነበር። ለእናቶች ትምህርት ይሰጣል፤ የጓሮ አትክልት ዘርና እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎች ይከፋፈላሉ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በተደረገው የመነሻ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወር የሆኑ ሕፃናት ትናንት ምን እንደበሉ እናቶቻቸው ተጠየቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ በማጠናቀቂያው ጥናት ያው ጥያቄ ቀረበ። እንቁላልና ወተት ያገኙ ሕፃናት ቁጥር በጣም ጨምሮ ታየ። እኛም ደስ ብሎን ዘገባውን ጻፍን፤ ገንዘቡን ለረዳው አካልም ላክን።

ውጤቱ በወረዳው ለተሰበሰቡት ካህናትና ሽማግሌዎች በተገለጸ ዕለት ግን አንድ አረጋዊ ካህን እጃቸውን አነሡ። "ልጆቼ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ መቼ ነበር የጠየቃችሁት?" አሉ። መዝገባችንን ገልጠን በዐቢይ ጾም አጋማሽ እንደነበረ ነገርናቸው። "የኋለኛውንስ?" አሉ። በበዓለ ኃምሳ ነበር። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፦ "እንግዲያው በሁዳዴ ቆጥራችሁ በፋሲካ ደገማችሁት። ያበላው ፋሲካ ቢሆንስ?" አሉን።

ጉባኤው ሳቀ። እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በእነዚያ ቀናት በብዙ ቤቶች ወተትም እንቁላልም ሥጋም ከገበታ ይርቃል። በበዓለ ኃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ስለዚህ ከዓመቱ ሁሉ ጊዜ እጅግ የሚራራቁትን ሁለቱን መርጠን አነጻጽረናል ማለት ነው። ከታየው ጭማሪ የትኛው ከፕሮጀክቱ፣ የትኛው ከዘመን አቆጣጠሩ እንደመጣ ለይቶ ለመናገር የሚያስችል አንዳች ነገር በእጃችን አልነበረም።

አመጋገብ እንዴት ይለካል?

አንድ ሰው የሚበላውን ማወቅ ቀላል ይመስላል። ቁመትና ክብደት በሜትርና በሚዛን ይለካሉ፤ የክንድ ዙሪያም በቀለማማው ጥብጣብ ይለካል፤ ከ6 እስከ 59 ወር በሆነ ሕፃን ላይ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ሲሆን የከፋ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ምልክት ነው። የተበላ ምግብ ግን ከበላተኛው ጋር ሄዷል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በአመዛኙ በአራት መንገዶች ይጠቀማሉ።

የመጀመሪያው መመዘን ነው። መዝጋቢው በቤቱ ተገኝቶ ምግቡ ሳይበላ በፊት ይመዝናል፤ የተረፈውንም ይመዝናል። ከሁሉ ይልቅ ትክክለኛ የሚባለው ይህ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ድካምና ገንዘብ ይጠይቃል። ደግሞም እንግዳ ሚዛን ይዞ በተቀመጠበት ቤት የዕለቱ ገበታ እንደወትሮው ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው የ24 ሰዓት ትውስታ ይባላል። ተጠያቂው ትናንት ከማለዳ ጀምሮ እስከ ዛሬ ማለዳ የቀመሰውን ሁሉ በቅደም ተከተል ያስታውሳል። መጠኑ በጭልፋ፣ በስኒ፣ በእንጀራ ግማሽና እርቦ ይገመታል። ይሁን እንጂ አንድ ቀን የአንድን ሰው ልማድ አይናገርም። ስለዚህ የአንድን ሰው የዘወትር አመጋገብ ለማወቅ ጥያቄው በተለያዩ ቀናት መደጋገም አለበት።

ሦስተኛው የምግብ ድግግሞሽ መጠይቅ ነው። የምግቦች ዝርዝር ቀርቦ ባለፈው ወር ወይም ባለፈው ዓመት እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደተበላ ይጠየቃል። ብዙ ሺህ ሰዎችን ለረጅም ዓመታት ለሚከታተሉ ጥናቶች ይስማማል፤ ሆኖም ከሰው ትዝታ ከባድ ሥራ ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ጎመን እንደበላ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ማን ነው?

አራተኛው በእኛ ፕሮጀክቶች ዘንድ የተለመደው የምግብ ስብጥር ቆጠራ ነው። በዚህ ጊዜ መጠን አይመዘንም፤ ስንት የምግብ ምድብ እንደተበላ ብቻ ይቆጠራል። ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት የተመደቡት ስምንት ናቸው፤ እነርሱም የእናት ጡት ወተት፤ እህልና ሥራ ሥር፤ ጥራጥሬና የቅባት እህል፤ ወተትና የወተት ተዋጽኦ፤ ሥጋና ዓሣ፤ እንቁላል፤ ቫይታሚን ኤ የበዛባቸው አትክልትና ፍራፍሬ፤ ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬ ናቸው። ሕፃኑ ትናንት ቢያንስ ከአምስቱ ካገኘ ዝቅተኛውን መስፈርት አሟልቷል ይባላል። ለአካለ መጠን የደረሱ ሴቶች ደግሞ ምድቦቹ ዐሥር ሲሆኑ፣ መስፈርቱ እንዲሁ አምስት ነው።

በአገራችን በእነዚህ ሁሉ ላይ የሚጨመር ሌላ ችግር አለ፤ እርሱም አብሮ መብላታችን ነው። ቤተሰቡ በአንድ ትሪ ዙሪያ ሲቀመጥ የእያንዳንዱ ድርሻ አይለይም። አባት ለልጁ ያጎረሰውን፣ ጎረቤት ለሕፃኑ ያቀመሰችውን ማን ይመዘግበዋል? ጉርሻ የፍቅራችን መግለጫ ነው፤ ለመዝጋቢ ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ የራሱ ሳሕን እንዲኖረው ስንመክር ምክራችን ለልኬትም ለሕፃኑም ይጠቅማል፤ እናቱ ምን ያህል እንደበላና ምን ያህል እንዳስተረፈ በዓይኗ ታያለችና።

የቀርጤስ ደሴት ትምህርት

ጾምን ሳያስቡ አመጋገብን መለካት የእኛ ብቻ ስሕተት አይደለም። በሥነ ምግብ ጥናት ታሪክ ከታወቁት መካከል አንዱ እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካዊው ሳይንቲስት አንሴል ኪስ መሪነት የተጀመረው የሰባቱ አገሮች ጥናት ነው። በአሜሪካ፣ በፊንላንድ፣ በሆላንድ፣ በጣልያን፣ በዩጎዝላቪያ፣ በግሪክና በጃፓን ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 59 የሆኑ 12,763 ወንዶች ተመዘገቡ፤ የልባቸውም ጤንነት ለብዙ ዓመታት ተከታተሉት። በየስፍራው ከተመረጡ ጥቂት ሰዎች ቤት የሚበላው ምግብ ተመዘነ፤ ናሙናውም በቤተ ሙከራ ተመረመረ። በፊንላንድ ምሥራቅ ያሉ ሰዎች በልብ ሕመም እጅግ ሲጠቁ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ቲቶን በተወባት በቀርጤስ ደሴት ያሉት ግን እጅግ ጥቂት ብቻ ተጠቁ። ከዚህ በኋላ የወይራ ዘይት፣ የአትክልትና የጥራጥሬ አመጋገብ በዓለም ሁሉ ተወደሰ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚያችው ደሴት የሚገኘው የቀርጤስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ አነሡ። የቀርጤስ ሰዎች ኦርቶዶክሳውያን ናቸው፤ በየዓመቱም ብዙ ቀናትን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተከልክለው ይጾማሉ። በደሴቲቱ ከተደረጉት የምግብ ምዝገባዎች አንዱ በዐቢይ ጾም ወቅት ውሎ ሳለ፣ ጾሙ ራሱ በጤንነታቸው ላይ ስላለው ድርሻ በቂ ትኩረት አልተሰጠም አሉ። እነርሱም በግሪክ 120 ሰዎችን፣ 60 የሚጾሙና 60 የማይጾሙ፣ ለአንድ ዓመት ተከታትለው በጾም ማብቂያ ላይ የጾመኞቹ የደም ኮሌስትሮል ዝቅ ብሎ እንደተገኘ አሳወቁ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የቤተ ክርስቲያን ዘመን አቆጣጠር የምእመናንን ገበታ ስለሚለውጥ አመጋገብን የሚለካ ሁሉ ቀኑን ማወቅ ይገባዋል። ሁለተኛው፣ አዋቂ ሰው በጾም የሚያገኘው የጤና ጥቅም ለሕፃን ጥቅም ነው ማለት አይደለም። ለጎልማሳ ልብ የሚበጀው የቅባት መቀነስ፣ በፍጥነት ለሚያድግ የአንድ ዓመት ሕፃን አካል ጉድለት ሊሆን ይችላል። ምግብ መልካም ነው ወይም ጎጂ ነው ከማለታችን በፊት "ለማን?" ብለን መጠየቅ አለብን።

ጠያቂው ማን ነው?

ወደ ወረዳችን እንመለስ። ከካህኑ ጥያቄ በኋላ መዝገቡን እንደገና ስንመረምር ሌላ ስሕተት አገኘን። በመነሻው ጥናት ከጠያቂዎቹ መካከል እኛ ዲያቆናት ነበርን። አንዲት እናት ትዝ ትለናለች። "እኅታችን፣ ሕፃኑ ትናንት እንቁላል ወይም ወተት ቀምሷልን?" ብለን ስንጠይቃት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ "ሎቱ ስብሐት! በዚህ በትልቁ ጾም?" አለችን። እኛም በመጠይቁ ላይ "አልበላም" ብለን ጻፍን።

ይህችኑ እናት ኋላ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስታነጋግራት፣ ለሕፃኑ እንቁላል ቀቅላ እንደሰጠችው ነገረቻት። ለምን ለእኛ እንዳልነገረችን ስትጠየቅም፦ "ዲያቆን ፊት ቆሞ እያየኝ እንዴት ብዬ በሁዳዴ እንቁላል ሰጠሁት ልበል?" ብላ መለሰች።

የምርምር ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን ስሕተት በሚገባ ያውቁታል። ሰው የጠያቂውን ፊት እያየ ይመልሳል፤ የሚያስመሰግነውን ያበዛል፤ የሚያሳፍረውን ያሳንሳል። ይህም በውሸታሞች ዘንድ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች በተለየ ውኃ ይህን ማረጋገጥ ችለዋል። በዚህ ውኃ ውስጥ ያሉት ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከተለመደው የከበዱ ናቸው። ሰው ከጠጣው በኋላ ሁለቱ ከሰውነቱ የሚወጡበት ፍጥነት ሲነጻጸር በቀናት ውስጥ ያወጣው የኃይል መጠን ይታወቃል። ይህ ልኬት ሰዎች በቃላቸው ካስመዘገቡት ምግብ ጋር ሲተያይ፣ ብዙዎች ከበሉት አሳንሰው እንደሚናገሩ ታየ። ክብደታቸው የጨመረ ሰዎች ደግሞ የበለጠ ያሳንሳሉ። የጨው መጠንም እንዲሁ ነው፤ ሰው ስንት ጨው እንደሚበላ ከመጠየቅ ይልቅ የ24 ሰዓት ሽንቱን መመርመር ይሻላል፤ የተበላው ሶዲየም አብዛኛው በዚያ ይወጣልና።

በእኛ ዘንድ ያለው ጉዳይ ግን ከመዝገብ ስሕተት ያለፈ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ለመጾም አይገደዱም። ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶችም ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው እንደ አቅማቸው ይኖራሉ። ያች እናት ለሕፃኗ እንቁላል በመስጠቷ ሥርዓት አላፈረሰችም። ያፈረችው ሥርዓቱን በሙላት ስላልነገርናት ነው። የመጠይቃችን ስሕተት የትምህርታችንን ጉድለት አሳየን።

ከገበታ እስከ ደም

በሦስተኛ ደረጃ ልናስተውለው የሚገባው፣ በምግብ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ሰውነት እንደማይገባ ነው። ለዚህ ከጤፍ የተሻለ ምሳሌ የለንም። አይረን የሚባለው የብረት ማዕድን በጤፍ ውስጥ ተለክቶ ብዙ ሆኖ ስለተገኘ፣ እንጀራ የሚበላ ሰው ደም ማነስ አያገኘውም ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ልኬቶቹ እርስ በርሳቸው እጅግ የተራራቁ ሆነው ተገኙ። ከምክንያቶቹ አንዱ አውድማው ነው። ጤፉ በመሬት ላይ ተነጥፎ በበሬ እግር ሲበራይ አፈር ይቀላቀልበታል፤ የአፈሩ ብረት ከእህሉ ብረት ጋር አብሮ ይለካል። የአፈር ብረት ግን ለሰውነት የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው።

የእህሉ ብረት ራሱም ሁሉ አይገኝም። በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ፋይቴት የተባለ ውሁድ አለ፤ ብረቱን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ሊጡ ሲቦካ ይህ ውሁድ ይቀንሳል፤ እናቶቻችን እርሾ አድርገው ሊጡን ማቆየታቸው ከጣዕም ያለፈ ጥበብ አለበት። ቫይታሚን ሲ ያለባቸው ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሎሚ ከምግቡ ጋር ሲበሉ ብረቱ ይበልጥ ይወሰዳል። ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ያግደዋል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት ቡናዋን ከምግቧ ትንሽ ብታዘገየው ሳንቲም ሳታወጣ ትጠቀማለች።

የአገራችን ምግቦች ምን ምን እንደያዙ የሚያሳየው የመጀመሪያው ሠንጠረዥ የታተመው በ1968 እ.ኤ.አ. ነበር። እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ለጥናት መሠረት ነው፤ ያለ እርሱ አንድ ጭልፋ ሽሮ ወጥ ወደ ፕሮቲንና ወደ ብረት ሊተረጎም አይችልም። ነገር ግን የአንዷ እመቤት ሽሮ ከሌላዋ ሽሮ እንደሚለይ፣ የአንዱ አገር አፈርም ከሌላው እንደሚለይ እያሰብን ልንጠቀምበት ይገባል።

አብሮ የታየ ሁሉ ምክንያት አይሆንም

ልኬቱ የተስተካከለ ነው እንበል። ከዚያ በኋላ "ይህ ምግብ ይህን ጤና አመጣ" ለማለት ሌላ ደጅ ማለፍ ያስፈልጋል። የቀርጤስ ገበሬዎች የወይራ ዘይት ይበሉ ነበር፤ ደግሞም በተራራ ላይ በእግራቸው ይመላለሱ ነበር፤ ደግሞም ይጾሙ ነበር። ከእነዚህ የትኛው ልባቸውን ጠበቀ? በእኛም ወረዳ እንቁላል የሚበላ ሕፃን ቁመቱ የተሻለ ሆኖ ቢገኝ፣ እንቁላል ያለው ቤት ምናልባት ንጹሕ ውኃም፣ መጸዳጃም፣ ማንበብ የምትችል እናትም ያለው ቤት ይሆናል። ተቅማጥ የሚደጋግመው ሕፃን መልካም ምግብ እየበላም ሊቀነጭር ይችላል።

ይህን ለመለየት ተመራማሪዎች ሰዎችን በዕጣ ይከፋፍላሉ። በዕጣ የተለየ ወገን በሀብትም በልማድም በአማካይ ከሌላው ጋር ይመሳሰላልና፤ ኋላ የሚታየው ልዩነት ከምግቡ የመጣ ነው ለማለት ያስደፍራል። በስፔን የተካሄደው ፕሬዲሜድ የተባለው ጥናት 7,447 ሰዎችን በሦስት ወገን ከፍሎ ለአንዱ የወይራ ዘይት፣ ለሁለተኛው ለውዝና መሰል ፍሬዎች፣ ለሦስተኛው ቅባት የመቀነስ ምክር ሰጠ። በ2013 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በተባለው መጽሔት ሲታተም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወገኖች የልብ ሕመምና ስትሮክ 30 ከመቶ ያህል ቀንሶ እንደታየ ተነገረ።

ነገር ግን ኋላ ሲመረመር ዕጣው በየስፍራው በትክክል እንዳልተጣለ ታወቀ። ከአንድ ቤት የመጡ ሰዎች ያለ ዕጣ በአንድ ወገን ተመድበዋል፤ በአንድ ቦታም አንድ ክሊኒክ እንዳለ ለአንድ ወገን ተሰጥቷል። ተመራማሪዎቹ በ2018 እ.ኤ.አ. ጽሑፋቸውን ከመጽሔቱ አነሡ፤ ስሌቱን እንደገና ሠርተው፣ ቃላቸውንም ለዝበው አሳተሙት። የተገኘው ውጤት ከቀድሞው ብዙ አልራቀም። ይህን ያህል የታወቀ ጥናት በዓለም ፊት ተነሥቶ መታረሙ ግን ለእኛ ድፍረት ሆነን።

ማረሚያው

እኛም ለረዳው አካል የማረሚያ ደብዳቤ ጻፍን። በእውነት ለመናገር ፈርተን ነበር፤ "ቀጣዩ ድጋፍ ይቀርብን ይሆን?" የሚል ሐሳብ በመካከላችን ነበረ። ይሁን እንጂ በስሕተት ቁጥር የሚገኝ ገንዘብ ወደ ስሕተት ሥራ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ደግሞ ሕፃኑ ነው። ደብዳቤው ከተላከ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም፣ ከመነሻው ጥናት ጋር በተመሳሳይ ሳምንት እንደገና ጠየቅን። በዚህ ጊዜ ጠያቂዎቹ ልጆች ያሳደጉ ሴቶች ነበሩ። የተገኘው ለውጥ በመጀመሪያ ከዘገብነው እጅግ ያነሰ ሆነ።

ከቁጥሩ ይልቅ የጠቀመን ግን "ለምን?" የሚለው ጥያቄ ነበር። ብዙ እናቶች ሕፃን እንደማይጾም ያውቃሉ። ዶሮዋም እንቁላል ትጥላለች። ነገር ግን በቤታቸው ያለው ድስት አንድ ነው፤ እንቁላል ወይም ወተት ከነካው ቤተሰቡ የጾም ወጥ ሊሠራበት አይፈልግም። ስለዚህ ሕፃኑ የሚጾመው በድስት እጦት ነበር። በሁለት ዓመት ትምህርታችን ስለ ድስት አንድም ቀን አልተነጋገርንም።

ከዚያ በኋላ ሥራው መልኩን ለወጠ። ያ አረጋዊ ካህንና ሌሎች አባቶች ከቅዳሴ በኋላ በስብከታቸው ሕፃናት እንደማይጾሙ፣ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶችም የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ በግልጽ አስተማሩ። ለእያንዳንዷ እናት ለሕፃኑ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስትና ሳሕን ከዘሩ ጋር ተሰጠ። ለሚጾሙ እናቶችም ሌላ ትምህርት ተጨመረ። ለሴቶች ከተመደቡት ዐሥር ምድቦች በጾም የሚቀሩት ወተት፣ ሥጋና እንቁላል ናቸው። ሰባቱ ይቀራሉ። እንጀራ፣ ሽሮ ወይም ምስር፣ ተልባ ወይም ሱፍ፣ ጎመን፣ ዱባ ወይም ካሮት፣ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ሙዝ ወይም ሌላ ፍራፍሬ ሰባቱን ይሞላሉ። ከእነዚህ አምስቱን በአንድ ቀን ማግኘት በብዙ ቤቶች በጓሮ የሚቻል ነው።

ለፕሮጀክት አገልጋዮች

ከዚህ ሁሉ በመነሣት በየሀገረ ስብከቱ ለምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች የሚከተለውን እናሳስባለን።

1. በእያንዳንዱ መጠይቅ ላይ ቀኑን ብቻ ሳይሆን የተጠየቀው "ትናንት" የጾም ቀን፣ የፍስክ ቀን፣ ወይም የሰርግ፣ የተዝካር፣ የሰንበቴ ቀን መሆኑን መዝግቡ።

2. የመነሻና የማጠናቀቂያ ጥናት በአንድ ወቅት ይሁን። ጾምን ከጾም፣ ፍስክን ከፍስክ፣ መኸርን ከመኸር ጋር አነጻጽሩ።

3. ፕሮጀክቱ ያልደረሰበት ተመሳሳይ ቀበሌ ለማነጻጸሪያ ይኑራችሁ። የዝናብና የገበያ ዋጋ ለውጥ በሁለቱም ላይ ይታያልና።

4. ስለ ሕፃናት ምግብ እናቶችን ሴቶች ይጠይቋቸው። ካህንና ዲያቆን በማስተማሩ ይበርቱ፤ መጠይቁን ግን ለሌላ ይተዉ።

5. "ምን በላ?" ከሚለው ቀጥሎ "ለምን ያኛውን አልበላም?" የሚል ጥያቄ አይቅር።

6. ስሕተት ሲገኝ ዘገባው ይታረም፤ ውጤቱም ለጠየቃችኋቸው ሰዎች ተመልሶ ይነገር። እኛን ያረመን በስብሰባው የተገኘ ካህን እንጂ የሒሳብ ባለሙያ አልነበረም።

ማጠቃለያ

መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማስቀረት ቃል ገብቷል። ቤተ ክርስቲያናችንም በየአጥቢያው ያላት ድምፅ ለዚህ ዓላማ ትልቅ ኃይል ነው። ይህ ኃይል በሚገባ እንዲሠራ እውነተኛ ቁጥር ያስፈልገዋል። እውነተኛ ቁጥር ደግሞ የሚገኘው ጠያቂው የሰውን ገበታ፣ የሰውን ቀንና የሰውን እፍረት ሲያከብር ነው። ያች እናት ነጠላዋን ወደ አፏ ያስጠጋችበትን ቅጽበት በመጠይቃችን ላይ የምንጽፍበት ሣጥን አልነበረም፤ ከሁሉ የሚበልጠው መልስ ግን እርሱ ነበረ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በአጥቢያችሁ አመጋገብ የሚለዋወጥባቸው ወቅቶች የትኞቹ ናቸው? ጾም፣ መኸርና የክረምት እጥረት እንዴት ይገናኛሉ?

ለ. በአካባቢያችሁ ሕፃናት በጾም ወቅት እንቁላልና ወተት እንዳያገኙ የሚያደርገው ምንድን ነው? ትምህርት፣ ድስት፣ ገበያ ወይስ ሌላ?

ሐ. ባለፈው ዘገባችሁ ከቀረቡት ቁጥሮች መካከል ወቅቱ ወይም ጠያቂው ሊለውጠው የሚችል አለን? እንዴትስ ታርሙታላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።